ቀለሙ የሻጩ፥ ሻንሲው የገዢው
አሮጌ አውቶሞቢል ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተሰቦች

የሽንፋ ወንዝ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ የሱዳንን ወሰን ከተሻገረ በኋላም ስሙን ለውጦ ራሃድ ይባላል። በዚሁ ወንዝ ዳር፥ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ፥ ሀዋታ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ከገዳሪፍ ወደ ሰናር የሚሄደው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1929 ተሠርቶ ሲያልቅ በሀዋታ በኩል ስላለፈ፥ የአካባቢው ማሽላና ሰሊጥ በባቡር የሚጫንበት መንገድ ተከፈተለት። ከሐዲዱ ርቆ ያለውን እህል ወደ ገበያ የሚያደርሰው ግን ካሚዮን ነበር። የአገሩ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፥ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በዚህ አፈር ላይ ብዙ ዓመት የሠራ መኪና ጥንካሬውም ድካሙም ሳይደበቅ ይታወቃል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆኑን በጎንደር ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሾፌር ናቸው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ወሰን ተሻግረው፥ በሀዋታና በገዳሪፍ መካከል እህል በሚያመላልስ የቤድፎርድ ካሚዮን ላይ በመጀመሪያ ረዳት፥ በኋላም ነጂ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ዛሬ መንዳቱን ቢተዉም፥ አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ የሰፈር ሰው ሁሉ አስቀድሞ እርሳቸውን ይዞ ይሄዳል። እርሳቸውም ከመኪናው ዘንድ ሲደርሱ ኮፈኑን አያስከፍቱም፥ ሞተሩንም አያስነሡም። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ይንበረከኩና፥ በጎማ መፍቻ ብረት ከመኪናው ሥር ያለውን ሻንሲ ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያሉ ይመታሉ። ብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ፊታቸው ይፈታል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ብድግ ብለው ልብሳቸውን ያራግፋሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁም፥ «ቀለሙ የሻጩ ነው፤ ሻንሲው ግን የገዢው ነው» ይላሉ።

ሻንሲ ማለት ሞተሩም፥ ጎማውም፥ ላሜራውም የሚታሰርበት የመኪናው አጥንት ነው። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፤ ጎማ ቢያልቅ ይለወጣል፤ መቀመጫ ቢቀደድ ይሰፋል። አጥንቱ የተበላ መኪና ግን ከላይ ምን ቢያምር ገንዘብም ሕይወትም ያስከፍላል። አዛውንቱ ይህን ትምህርት ያገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሀዋታ መንገድ ነው።

የሀዋታ መንገድ ያስተማረው

እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረው የእንግሊዙ ቤድፎርድ ካሚዮን በሱዳን ታላቅ ዝና አገኘ። ሆኖም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለበረሃውና ለመረሬው መንገድ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ የሱዳን ቀጥቃጮችና አናጢዎች ሻንሲውን በተጨማሪ ብረት ያጠናክሩት፥ ባሌስትራውን ለአገሩ መንገድ እንዲስማማ ያስተካክሉት፥ ጋቢናውንና የጭነት ሣጥኑን ደግሞ በራሳቸው ጥበብ ይሠሩት ጀመር። ሕዝቡም ይህን መኪና «ሲፊንጃ» ብሎ ጠራው። ቃሉ ከስፖንጅ የተሠራውን ቀላል ነጠላ ጫማ የሚያመለክት ሲሆን፥ ስሙም የወጣለት በጉድጓድ ላይ ሲሄድ ስለሚለሰልስ ነው ይባላል። የባይሮይት ዩኒቨርሲቲው ምሁር ኩርት ቤክ ስለዚህ የእጅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናት አውጥተዋል፤ ቫለሪ ሄንሽ የተባሉት ባለሙያም በዚያው ዓመት ስለ ሲፊንጃ ፊልም ሠርተዋል።

ከዚህ ታሪክ ለቤተሰብ ገዢ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፥ መኪና የሚያረጀው በዕድሜው ብቻ አይደለም፤ በሠራበት አገርና በያዘው ሰው ጠባይ ጭምር ነው። ሁለተኛ፥ መለዋወጫውና ባለሙያው በቅርብ የሚገኝለት መኪና እንደ አዲስ ሊኖር ይችላል፤ እነዚህ የሌሉት መኪና ግን አንድ ትንሽ ጎማ ያጣ ዕለት ቆሞ ይቀራል።

በእኛም አገር ይኸው ታይቷል። ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው የፊያት ካሚዮን ከአምራቹ ፋብሪካ ዘመን አልፎ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ብዙ ዓመት ያገለገለው ጥገናውን የሚያውቅ እጅ ስላልጠፋ ነው። የጋራዡ ቋንቋ እንኳ የዚህ ምስክር ነው፤ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ካንዴላ፥ ማርሚታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። አማርኛን በመማር ላይ ያለ ሰው እነዚህን ቃላት በመዝገበ ቃላት ከሚፈልጋቸው ይልቅ አንድ ጧት ጋራዥ ውስጥ ቢውል ፈጥኖ ያገኛቸዋል።

ስለ ምን ወደ አሮጌው ተመለስን

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን ከፍ አደረገው። ከዚያም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጠ። በዚህ ምክንያት በቤንዚን የሚሄድ የድሮ አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ወደብ ሳይሆን ቀድሞ ወደ አገር ውስጥ በገባው ላይ መጣል ግድ ሆነበት። በየግቢው በሸራ ተሸፍኖ፥ ዶሮ ሰፍሮበት የኖረው ቮልስዋገን እንኳ ዛሬ ጠያቂ አለው።

ከድሮዎቹ አውቶሞቢሎች መካከል ለአገራችን ሰው እንደ ቮልስዋገን የተለመደ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚችው በትንሿ ቮልስዋገን መሆኑ በታሪክ ይታወሳል። ይህች መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 ነው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ አሠራሯም ቀላል ነው።

ለመንዳት ወይስ ለማደስ

ከሁሉ አስቀድሞ ገዢው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ አንድ ጥያቄ መመለስ ይገባዋል። ይህ መኪና ነገ ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ አለበትን? ወይስ በግቢ ቆሞ በየጊዜው ገንዘብ በተገኘ መጠን ይታደሳል? የሁለቱ ግዢ የተለያየ ነው። ለመንዳት የሚገዛ ሰው መልኩ ቢደበዝዝም ሞተሩ፥ ፍሬኑና መሪው የተሟላ መኪና ይምረጥ። ለማደስ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሞተሩ ባይነሣም ግድ የለውም፤ ሻንሲውና ላሜራው ጤነኛ፥ ዕቃውም ሳይጎድል በቦታው ያለውን ይፈልግ። የጎደለ የበር እጀታ፥ የመብራት ክፈፍ፥ የመስኮት ጎማ አንድ በአንድ ሲፈለግ ከሞተር ይልቅ አድካሚ ይሆናልና።

ጉዳት የሚመጣው ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ ሲሞከር ነው። የሚታደስ መኪና ገዝቶ በማግሥቱ ቤተሰብ ጭኖ መንገድ የሚወጣ ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ይደርስበታል።

ይህን የምጽፈው በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ አንዲት ቀይ ቮልስዋገን በደላላ ገዛሁ። ያሳዩን እሑድ ወደ ማታ ነበር። ቀለሟ አዲስ ሆኖ ያንጸባርቅ ነበርና ልቤ ወዲያው ተሰረቀ። ባለቤቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፥ «ለምን በቀን አላሳዩንም?» አለችኝ። እኔም እንዳልሰማ ሆንሁ። ክረምቱ ገብቶ ከባድ ዝናብ በዘነበ በሁለተኛው ሳምንት፥ ከኋላ የተቀመጠው ትንሹ ልጃችን፥ «አባባ፥ ከእግሬ ሥር መንገዱ ይታየኛል!» ብሎ ጮኸ። መኪናውን አቁሜ ምንጣፉን ብገልጠው፥ ከባትሪው አጠገብ ያለው ወለል ተበልቶ አልቆ፥ ቀዳዳው በካርቶንና በስቱኮ ተሸፍኖ ኖሯል። ባትሪውም የቆመው በዝገት ላይ ነበር። በዚያ ቀን ገንዘቤ ስለ ጠፋ አልተከዝሁም፤ የልጄ እግር ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር እንኳ እንዳልራቀ ባየሁ ጊዜ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ከጎንደሩ አዛውንት ጋር የተዋወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው።

መኪናው የት ይገኛል

በደላላ በኩል መግዛት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ደላላ የሚያሳየው የተዘጋጀውን መኪና ነው። ከዚህ የሚሻለው የባለቤቱን ታሪክ እየተከተሉ መፈለግ ነው። ለብዙ ዓመት በአንድ ሰው እጅ የቆየ፥ ባለቤቱ ያረጀ ወይም የሞተ፥ ቤተሰቡም የማይነዳው መኪና በየሰፈሩ አለ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሦስት ናቸው፤ የሰፈሩ መካኒክ፥ ላሜራ ቀጥቃጩና ጎማ ጠጋኙ። ለእነዚህ አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል። የመለዋወጫው ነገር ደግሞ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለረጅም ዘመን የታወቀ ስለሆነ፥ መኪናውን ከመግዛት በፊት እዚያ ወርዶ ለዚያ ሞዴል ምን እንደሚገኝ፥ ዋጋውም ስንት እንደሆነ መጠየቅ ብልህነት ነው።

በወሰን አካባቢ የሚኖር ሰው ደግሞ ከገዳሪፍ በኩል ርካሽ መኪና ይገኛል የሚል ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። በዚህ ነገር እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሱዳን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከካርቱምና ከሌሎችም ከተሞች ብዙ መኪና ተዘርፏል። ስለዚህ ርካሹ መኪና ከቤቱ የተሰደደ የአንድ ቤተሰብ ሀብት ሊሆን ይችላል። የጉምሩክ ሥርዓት ሳይፈጸምበት የገባ መኪናም የኮንትሮባንድ ዕቃ ተብሎ ሊወረስ ይችላል። በሕግም በኅሊናም የሚያስጠይቅ ግዢ ርካሽ አይባልም።

መኪናው ሲመረመር

1ኛ፤ መኪናውን በቀን ብርሃን፥ ሳይታጠብና ሞተሩ ሳይሞቅ ማየት። የሞቀ ሞተር ድካሙን ይደብቃልና፥ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል።

2ኛ፤ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ማስኬድ። ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው፤ ከወደቀ ግን ከቀለሙ በታች ያለው ስቱኮ ነው። በቮልስዋገን በተለይ የሚታዩት ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው የባትሪ ቦታ፥ በበሮቹ ሥር የሚያልፉት የብረት ቱቦዎች፥ ከፊት ያለው የትርፍ ጎማ ጉድጓድና የወለሉ ዳርቻ ናቸው።

3ኛ፤ የላንድሮቨር ነገር ለብቻው ነው። ይህ መኪና ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲታይ፥ ከጦርነቱ በኋላ ብረት እጥረት ስለ ነበረ ላሜራው የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ስለዚህ ገዢው ጤነኛውን ገላ አይቶ ይታለላል። ሻንሲው ግን ብረት ነው። በተለይ ከኋላ ያለው ተሻጋሪ ብረትና ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ግድግዳ በመዶሻ እየተመቱ ይመርመሩ።

4ኛ፤ መኪናው የኖረበትን አገር መጠየቅ። አዛውንቱ እንደሚሉት በቆላ የኖረ መኪና በሞተሩ፥ በደጋ የኖረ መኪና በላሜራው ይጠረጠራል። የሀዋታ ዓይነቱ ደረቅ አየር ላሜራን ያቆያል፤ አቧራው ግን የአየር ማጣሪያው ችላ ከተባለ ፒስተኑን ይበላል። በሻንሲው ውስጥ ተጋግሮ የቀረ ጭቃ ደግሞ በበጋም ቢሆን እርጥበት ይዞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ የመንገድ አካሄድ የተዛወረችው እ.ኤ.አ. በ1973 ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት የነበሩት መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ በኩል መሆኑንም ማስተዋል ነው።

5ኛ፤ ሞተሩን መመርመር። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። የቮልስዋገን ሞተር ጠፍቶ ሳለ ከታች ያለውን የቺንግያ መዘውር ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል። የተፈቀደለት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፥ በእጅ ሲገፉት ቋ ቋ የሚል ከሆነ ሞተሩ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል ማለት ነው።

6ኛ፤ ፍሬን። በብዙዎቹ የድሮ አውቶሞቢሎች የፍሬኑ ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ነው። አንድ ቱቦ ቢቀደድ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ስለዚህ ሻጩ ምንም ቢል፥ አሮጌ መኪና ከተገዛ በኋላ ከቀለምም ከሬዲዮም በፊት የፍሬኑ ቱቦዎች፥ ጎማዎቹና ሸራው መለወጥ አለባቸው። የደኅንነት ቀበቶ ከሌለው ማስገባት ነው።

ወረቀቱ እንደ ሻንሲው ነው

ሻንሲው የመኪናው አጥንት እንደሆነ ሁሉ፥ ሊብሬው የባለቤትነቱ አጥንት ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። በቮልስዋገን የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር በመካከለኛው ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ባሉት መኪናዎች የቁጥሩ ሦስተኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያመለክታል፤ 117 ብሎ የሚጀምር የ1967 ሞዴል ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ግዢውን መተው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና።

ሻጩ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው መሆኑን፥ ካልሆነም በሕግ የተረጋገጠ ውክልና መያዙን፥ መኪናው በዕዳ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ አለመታገዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቦሎውና የዓመቱ ምርመራ ከተቋረጠ ስንት ዓመት እንደሆነው፥ የቆየው ዕዳም በማን ላይ እንደሚወድቅ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ሳይፈረም፥ ስመ ንብረቱም ሳይዛወር ሙሉውን ገንዘብ መክፈል አይገባም።

እኛም ሁለተኛዋን መኪና የገዛነው በዚህ ሥርዓት ነበር። አዛውንቱ ልጃቸውን ለመጠየቅ አዲስ አበባ መጥተው ሳሉ ይዣቸው ሄድሁ። መኪናዋ ቀለሟ የጠፋ፥ ሞተሯም የማይነሣ ቮልስዋገን ነበረች። ተንበርክከው ከዳር እስከ ዳር መቷት፤ ከዚያም ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ ይህች ታማ ነው እንጂ አልሞተችም» አሉኝ። ሊብሬው ግን በሟች አባት ስም ነበር። እናቲቱና ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪያወጡ ድረስ ሦስት ወር ጠበቅን። እኔ ተቻኩዬ ቀብድ ልከፍል ስል፥ «ገንዘቡ ከእኛ ዘንድ ቢቆይ አይበላሽም» ብላ የከለከለችኝ ባለቤቴ ናት። በዚህ ጊዜ ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን የያዘችው እርሷ ናት። ለመኪና ካሰብነው ገንዘብ ሦስተኛውን እጅ ለጥገና አስቀርተን፥ የወጣውን ሁሉ በደብተር ጻፍን። በመጀመሪያ ፍሬኑ፥ ቀጥሎ ሞተሩ፥ ከዚያም የኤሌክትሪክ ሽቦው፥ በመጨረሻ ቀለሙ ሆነ። ዘይቷን፥ በውስጧ የሚገባው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነና እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች የዘይት ማጣሪያ ስለሌላት፥ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳንዘገይ እንለውጣለን። የማቀዝቀዣዋ ቺንግያ ቢበጠስ ሞተሩ ወዲያው ስለሚግል፥ ቀዩ መብራት ሲበራ አንድ እርምጃ እንዳይነዳ ለልጆቻችን አስተምረናል፤ መለወጫ ቺንግያም ከመኪናዋ አይለይም።

እንግዲህ አሮጌ አውቶሞቢል መግዛት የሚያሳፍርም የሚያኮራም ነገር አይደለም፤ ማስተዋል የሚጠይቅ የቤት ሥራ ነው። በሀዋታ መረሬ ላይ የኖሩት ቀጥቃጮች ያረጀውን ብረት ለማዳን የቻሉት ደካማ ጎኑን ሳይሸፍኑ ስላዩት ነው። ገዢም እንዲሁ ያድርግ። ከቀለሙ በፊት ከሥሩ ይይ፤ ከሞተሩ ድምፅ በፊት የወረቀቱን ቃል ይስማ፤ ከደላላው ምክርም የቤተሰቡን ምክር ያስቀድም። ያ ቀዩን መኪና የተሳፈረው ልጃችን ዛሬ አድጎ መኪናዋን እርሱ ይነዳታል። ከመነሣቱ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ወለሏን በእጁ መታ መታ ሳያደርግ አይወጣም።